የቤት መድን እና የአየር ንብረት አደጋ

የቤት መድን ወይም የቤት ኢንሹራንስ በመኖሪያ ቤትና በቤት ውስጥ ባለ ንብረት ላይ የሚደርስን ጉዳት በገንዘብ ለመካስ በመድን ሰጪና በመድን ገቢ መካከል የሚደረግ ውል ነው። መድን ገቢው አረቦን የሚባል ክፍያ በየጊዜው ይከፍላል፤ መድን ሰጪው ደግሞ በውሉ የተጠቀሰ አደጋ ሲደርስ ካሳ ይከፍላል። ከተለመዱት አደጋዎች መካከል እሳት፣ መብረቅ፣ ነፋስ፣ በረዶና ስርቆት ይገኛሉ።

የቤት መድን አደጋውን አያስቀርም፤ ከአደጋው በኋላ ኪሳራውን ይክሳል። የሚክሰውም በውሉ የተጻፈውን ብቻ ነው። በተለይ ጎርፍ በአሜሪካና በሌሎች አንዳንድ አገሮች ከተራው የቤት መድን ውጭ በመሆኑ፣ መድን አለን ብለው የሚያምኑ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸው በውሃ ሲጠፋ ያለ ካሳ ይቀራሉ። የአየር ንብረት ለውጥ ከባድ ዝናብን፣ አውሎ ነፋስንና ሰደድ እሳትን እያባባሰ በመጣ ቁጥር የመድን ዋጋም ሆነ መድን የማግኘት ዕድል ቤቱ ከተሠራበት ቦታና ከአሠራሩ ጋር ይበልጥ እየተሳሰረ ሄዷል።

መሠረታዊ አሠራር

የመድን መሠረታዊ ሐሳብ የብዙዎችን መዋጮ ለጥቂቶች ጉዳት ማዋል ነው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጡ 1,000 ቤቶች አሉ እንበል። በዓመት በአማካይ አንድ ቤት በእሳት ቢወድም የዓመቱ ጉዳት 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ ለ1,000 ሲካፈል የእያንዳንዱ ባለቤት ድርሻ 2,000 ብር ነው። መድን ሰጪው በዚህ ላይ የሥራ ማስኬጃ፣ መጠባበቂያና ትርፍ ጨምሮ አረቦኑን ይወስናል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ጉዳቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። በአንድ ወጥ ቤት የተነሣ እሳት ሌላ ከተማ ያለውን ቤት አይነካም። ጎርፍና አውሎ ነፋስ ግን በአንድ ሌሊት ሺህ ቤቶችን ሊመቱ ይችላሉ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሁሉም ቤቶች በአንድ ወንዝ ዳር ቢሆኑና 300 የሚሆኑት በአንድ ጎርፍ ቢወድሙ ጉዳቱ 600 ሚሊዮን ብር ይደርሳል፤ ለጉዳት የተሰበሰበው የዓመቱ መዋጮ ግን 2 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው።

መድን ሰጪዎች ይህን ለመቋቋም ደንበኞቻቸውን በተለያዩ አካባቢዎች ያሰባጥራሉ፤ ራሳቸውም ከሌላ ኩባንያ የጠለፋ መድን ይገዛሉ። የጠለፋ መድን የመድን ሰጪዎች መድን ነው። ከታወቁት የጠለፋ መድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ስዊስ ሪ እ.ኤ.አ. በ1863 በዙሪክ የተመሠረተው፣ በ1861 የግላሩስ ከተማን ያወደመው እሳት የአገሩን መድን ሰጪዎች አቅም ከፈተነ በኋላ ነበር። የጠለፋ መድን ዋጋ በዓለም ዙሪያ በሚደርሱ አደጋዎች ስለሚወሰን፣ በአንድ አገር የደረሰ አውሎ ነፋስ በሌላ አገር ያለውን አረቦን ሊያስወድድ ይችላል።

ታሪክ

የዘመናዊው የቤት መድን መነሻ የእሳት መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 የተነሣው ታላቁ የለንደን እሳት ከ13,000 በላይ ቤቶችን አወደመ። ከዚያ በኋላ በ1680ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ባርበን በለንደን የእሳት መድን ሥራ ጀመረ።

በአሜሪካ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1752 በፊላደልፊያ ከተማ የጋራ የእሳት መድን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከፊታቸው ዛፍ ያለባቸው ቤቶች እሳትን ለማጥፋት ያስቸግራሉ በሚል ምክንያት በኋላ እነዚህን ቤቶች አልቀበልም አለ። በ1784 ሌላ ማኅበር ተቋቁሞ በተጨማሪ ክፍያ ይቀበላቸው ጀመር። የመድን ዋጋ በቤቱና በአካባቢው ሁኔታ እንደሚወሰን ከሚያሳዩ ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ ለእሳት፣ ለስርቆትና ለኃላፊነት የተለያዩ ውሎች ይገዙ ነበር። እነዚህን በአንድ ላይ ያጠቃለለው የቤት ባለቤቶች መድን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

ውሉ የሚሸፍናቸው ነገሮች

በአሜሪካ የተለመደው የቤት ባለቤቶች መድን የሚከተሉትን ያካትታል፦

• ዋናው ቤት፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለልና ከቤቱ ጋር የተያያዙ ነገሮች።
• ሌሎች ግንባታዎች፦ አጥር፣ ለብቻው የቆመ ጋራዥና የመሳሰሉት።
• የግል ንብረት፦ የቤት ዕቃ፣ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ።
• የመጠለያ ወጪ፦ ቤቱ እስኪጠገን ድረስ ለኪራይና ለተጨማሪ የኑሮ ወጪ የሚከፈል።
• ኃላፊነት፦ ባለቤቱ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፈል ካሳ።
• የሕክምና ወጪ፦ በቤቱ ውስጥ ለተጎዳ እንግዳ የሚከፈል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ላለ ቤትና ለተከራይ የተለዩ ውሎች አሉ። የተከራይ መድን የተከራዩን ዕቃና ኃላፊነት እንጂ ሕንፃውን አይሸፍንም።

ጎርፍ

ተራው የአሜሪካ የቤት መድን ጎርፍን፣ የመሬት መንቀጥቀጥንና የመሬት መንሸራተትን አይሸፍንም። በጎርፍና በሌላ የውሃ ጉዳት መካከል ያለው ልዩነትም ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። በቤት ውስጥ ያለ ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ያደረሰው ጉዳት በአብዛኛው ይካሳል። ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎት በዚያ ቀዳዳ የገባ ዝናብ ያበላሸው ዕቃም እንዲሁ። ወንዝ ሞልቶ ወይም ዝናብ መሬት ላይ ተጠራቅሞ በበር የገባ ውሃ ግን ጎርፍ ስለሆነ ከውሉ ውጭ ነው።

የግል መድን ሰጪዎች የጎርፍ ሥጋትን ስለሸሹት የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራምን በሕግ አቋቋመ። ፕሮግራሙ ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ውሉ በአብዛኛው የሚጸናው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ በመሆኑ፣ ማዕበል መምጣቱ በዜና ከተሰማ በኋላ የሚገዛ መድን አይደርስም።

በፕሮግራሙ ካርታ ከፍተኛ ሥጋት አለበት የሚባለው ቦታ በማንኛውም ዓመት ቢያንስ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል። በእነዚህ ቦታዎች ከባንክ ተበድሮ ቤት የሚገዛ ሰው የጎርፍ መድን እንዲገባ ይገደዳል፤ ከእነዚህ ቦታዎች ውጭ ግን ግዴታ የለም። ውሃ ግን በካርታው መስመር ላይ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ በሂዩስተን አካባቢ፣ በ2024 ደግሞ ሃሪኬን ሄሊን ከባሕር በራቀው የምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ተራራማ ቦታ ካጥለቀለቋቸው ቤቶች አብዛኞቹ የጎርፍ መድን አልነበራቸውም።

ነፋስ ወይስ ውሃ

አውሎ ነፋስና ጎርፍ አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳቱን ያደረሰው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ሃሪኬን ካትሪና የኒው ኦርሊንስን ከተማ 80 በመቶ ገደማ ካጥለቀለቀ በኋላ፣ በከተማዋና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ብዙ ባለቤቶች ከመድን ሰጪዎቻቸው ጋር በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ከቤቱ መሠረቱ ብቻ ሲቀር፣ ቀድሞ ጣሪያውን ነፋስ ወሰደው ወይስ ግድግዳውን ውሃ ጣለው የሚለውን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

የካሳ አሰላል

መድን ገቢው የሚችለው ድርሻ። በአብዛኛው ውል ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን የተወሰነ ገንዘብ መድን ገቢው ራሱ ይችላል። ለሃሪኬን ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ ቤቱ መድን ከተገባለት ዋጋ በመቶኛ ይሰላል። 400,000 ዶላር መድን ለተገባለት ቤት ድርሻው 2 በመቶ ከሆነ ባለቤቱ የመጀመሪያውን 8,000 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል።

የመተኪያ ዋጋና የእርጅና ቅናሽ። አንዳንድ ውል የተበላሸውን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ሙሉ ወጪ ይከፍላል። ሌላው ግን የእርጅና ቅናሽ ያደርጋል። 20 ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ ጣሪያ በ15ኛው ዓመት ቢነሣ፣ በሁለተኛው ዓይነት ውል የሚከፈለው የአዲሱ ዋጋ ሩብ ገደማ ሊሆን ይችላል።

ከዋጋ በታች የተገባ መድን። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር እያወጣ ባለቤቱ አረቦን ለመቆጠብ ሲል በ2 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ቢገባ፣ ለግማሹ ሥጋት ራሱ ኃላፊነት እንደወሰደ ይቆጠራል። የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 500,000 ብር ነው። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በፊት ትክክል የነበረ ውል ሳይታወቅ ከዋጋ በታች ሊሆን ስለሚችል፣ ውሉ ሲታደስ የቤቱን ግምት ማስተካከል ያስፈልጋል። ሲሰላ የሚታየው ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ እንጂ የመሬቱ ዋጋ አይደለም።

የአየር ንብረት ለውጥና የመድን ገበያ

የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ዝናብ ሲጥል ይከብዳል። ሙቀት በደረቅ ወቅት ሣርና ቁጥቋጦን አድርቆ ለእሳት ያመቻቻል፤ የባሕር ወለል ከፍታም ማዕበል ወደ መሬት ርቆ እንዲገባ ያደርጋል። ሆኖም ለጉዳቱ መጨመር የአየር ንብረት ብቻውን ምክንያት አይደለም። በወንዝ ዳር፣ በባሕር ዳርቻና በጫካ ጠርዝ የሚሠሩ ቤቶች መብዛትና የግንባታ ወጪ መናርም ድርሻ አላቸው።

ፍሎሪዳ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1992 ደቡብ ፍሎሪዳን የመታው ሃሪኬን አንድሩ ከ60,000 በላይ ቤቶችን አወደመ። መድን ሰጪዎች 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሉ፤ አንዳንዶቹም ከሰሩ። ከአደጋው በኋላ በተደረገ ምርመራ የብዙ ቤቶች ጣሪያ በቂ ምስማር እንዳልነበረው ታወቀ። ግዛቲቱ የጠለፋ መድን ፈንድ አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮም ጠንካራ የሕንፃ ደንብ በመላ ግዛቲቱ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ከግል ኩባንያ መድን ላጡ ሰዎች ሲቲዝንስ የተባለ የመንግሥት መድን ሰጪ ተቋቋመ። በ2023 ይህ ተቋም ከ1 ሚሊዮን በላይ ውሎች ነበሩት።

ካሊፎርኒያ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የፓራዳይዝ ከተማን ያወደመው ሰደድ እሳት 85 ሰዎችን ገድሎ ከ18,000 በላይ ሕንፃዎችን አቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መድን ሰጪዎች በጫካ አቅራቢያ ያሉ ቤቶችን ውል አናድስም ብለዋል። የግዛቲቱ ሕግ የአስቸኳይ ጊዜ በታወጀበት የእሳት አደጋ አካባቢ ውል በእሳት ሥጋት ምክንያት ለአንድ ዓመት እንዳይቋረጥ ይከለክላል። መድን ያጡ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ወደተቋቋመውና ሽፋኑ ጠበብ ወዳለው የመጨረሻ አማራጭ ፕላን ይሄዳሉ። በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሡት ሁለት ትላልቅ እሳቶች ከ16,000 በላይ ሕንፃዎችን አወደሙ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ። በእንግሊዝ ጎርፍ በተለመደው የቤት መድን ውስጥ ይካተታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ፍለድ ሪ የተባለ አሠራር ከሁሉም መድን ሰጪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ የጎርፍ ሥጋት ያለባቸውን ቤቶች አረቦን ይደጉማል። እስከ 2039 እንዲቆይ የታቀደ ሲሆን ከጥር 1 ቀን 2009 ወዲህ የተሠሩ ቤቶችን አይቀበልም፤ ይህም በጎርፍ ቦታ አዲስ ቤት መሥራትን ላለማበረታታት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በእያንዳንዱ የንብረት መድን ላይ ለተፈጥሮ አደጋ የሚውል አንድ ዓይነት ጭማሪ ታስከፍላለች። ጭማሪው በ2025 ከ12 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል።

እነዚህ አሠራሮች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ የሥጋቱን ዋጋ ማን ይክፈል? አረቦን እንደ ሥጋቱ መጠን ከሆነ ሰዎች አደገኛ ቦታ ላይ ከመሥራት ይቆጠባሉ፤ ሆኖም ለዘመናት በቦታው የኖሩ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች መክፈል ያቅታቸዋል። ሁሉም እኩል ከከፈለ መድኑ ለሁሉም ይደርሳል፤ ነገር ግን የቦታው አደገኛነት በዋጋው ላይ አይታይም።

ቤትን ከአደጋ መከላከል

በአሜሪካ ብሔራዊ የሕንፃ ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት፣ ዘመናዊ የሕንፃ ደንቦችን ለማክበር የሚወጣ 1 ዶላር ወደፊት 11 ዶላር ያህል ጉዳት እንደሚያስቀር ገምቷል።

ነፋስ። ነፋስ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ጣሪያን ነው። የጣሪያው ክዳን ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው፣ ግድግዳውም ከመሠረቱ ጋር በብረት ማያያዣ በደንብ ከታሰረ ኃይሉ ወደ መሬት ይወርዳል። አንዱ ማያያዣ ቢላላ ሰንሰለቱ በዚያ ይበጠሳል። በርና መስኮት ሲሰበር ወደ ውስጥ የገባ ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ስለሚገፋው ጠንካራ መዝጊያም ያስፈልጋል። በአላባማ ግዛት «ፎርቲፋይድ» በተባለው መለኪያ ጣሪያቸውን ለሚያጠናክሩ ባለቤቶች እስከ 10,000 ዶላር ድጋፍ ይሰጣል፤ መድን ሰጪዎችም የአረቦን ቅናሽ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድዳል።

ጎርፍ። ዋናው መከላከያ የቦታ ምርጫና የወለል ከፍታ ነው። በተሠራ ቤት ላይ የኤሌክትሪክ መስመርን ከፍ ማድረግ፣ ፍሳሽ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ መግጠም፣ አሸንዳንና ቦይን ማጽዳት፣ መሬቱንም ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ ጉዳትን ይቀንሳል።

ሰደድ እሳት። ብዙ ቤቶች የሚቃጠሉት ከፊት ለፊት በሚመጣ ነበልባል ሳይሆን ነፋስ ከሩቅ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው በአሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ወይም በጣሪያ አየር ማስገቢያ በኩል ቤቱን ያቀጣጥላል። ስለዚህ የማይቃጠል ጣሪያ፣ በአየር ማስገቢያ ላይ ደቃቅ የብረት ወንፊት፣ ከቤቱ ዙሪያ እስከ 1.5 ሜትር ድረስም የሚቀጣጠል ነገር አለመኖሩ ይመከራል።

የካሳ ጥያቄ

ከአደጋ በፊት የቤቱንና የዕቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ደረሰኝና የውሉን ቅጂ ከቤቱ ውጭ ማስቀመጥ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያቃልላል። ከአደጋ በኋላ መድን ገቢው ሳይዘገይ ለመድን ሰጪው ያሳውቃል፤ ጉዳቱ እንዳይባባስም የሚችለውን ያደርጋል፤ ለምሳሌ የተነሣ ጣሪያን በሸራ ይሸፍናል። ከጥገና በፊት ጉዳቱን ፎቶግራፍ ማንሣትና የወጣውን ወጪ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመድን ውል መሠረታዊ ድንጋጌዎች በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ይገኛሉ። በደርግ ዘመን የግል መድን ድርጅቶች ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. ነው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 የዘርፉ ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሰየመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

ለመኖሪያ ቤት የተለመደው ውል የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ጎርፍ፣ ማዕበልና የመሬት መንቀጥቀጥ የመሳሰሉት በተጨማሪ አረቦን ይካተታሉ። ስለዚህ «ቤቴ መድን አለው» ማለት ብቻውን ጎርፍ ተሸፍኗል ማለት አይደለም። ብዙ ባለቤቶች መድን የሚገቡት ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ ሲሆን ነው፤ በዚህ ጊዜ ካሳው በቅድሚያ ለባንኩ ዕዳ ይውላል። የመላው የመድን ዘርፍ አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ አብዛኛው ቤት መድን የለውም። ቤት ሲቃጠል ወይም ሲፈርስ በመጀመሪያ የሚደርሱት ጎረቤት፣ ዘመድና እድር ናቸው። እድር እንደ መድን ሁሉ በመዋጮ ይሠራል፤ ነገር ግን አባላቱ በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ጎርፍ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲመታ አቅሙ ይፈተናል።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ቤቶችም ተወስደዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በከባድ ዝናብ ምክንያት የደረሰው የመሬት መንሸራተትም ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንዲህ ያሉ አደጋዎች የሚያሳዩት ከመድን በፊት የቦታ ምርጫና የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ወሳኝ መሆናቸውን ነው። ከወንዝ ዳርና ከገደል ሥር መራቅ፣ ክረምት ሳይገባ ቦይና አሸንዳ መጥረግ፣ የጭቃ ቤትን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ መሥራት፣ የጣሪያ ቆርቆሮን በተለይ በጠርዙ በኩል አጥብቆ መምታትና የተዳከመ የድጋፍ ግንብን በጊዜ መጠገን በአነስተኛ ወጪ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች ናቸው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶች በባንክ ብድር ቤት የሚገዛ ሰው የቤት መድን እንዲይዝ አበዳሪው ያስገድዳል፤ አረቦኑም ብዙ ጊዜ ከወርሃዊው የብድር ክፍያ ጋር ስለሚሰበሰብ የውሉ ዝርዝር ሳይነበብ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በአካባቢው ብዙ ቤቶች ምድር ቤት አላቸው። ፍሳሽ ተመልሶ ምድር ቤቱን ሲሞላው የሚካሰው ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን ሲኖር ነው፤ ከውጭ ለሚገባ ጎርፍ ደግሞ ሌላ የጎርፍ መድን ያስፈልጋል።